በዘር የሚመጣ የዓይን ብርሃን ማጣትና የሬቲና ሕዋስ ንቅለ ተከላ፦ የቱ ጋ ተደርሷል?

ልጁ ማታ ማታ ዕቃ ይመታል። ቀን ቀን ደህና ነው፤ ኳስ ይጫወታል፣ ደብተሩን ያነባል። ቤተሰቡ «ዳፍንት ነው» ይላል። ካሮት ይገዛለታል፣ ጠበል ይወሰዳል፣ መነጽር ይታዘዝለታል። ዓመታት ሲያልፉ ከጎኑ የቆመ ሰው ማየት ያቅተዋል፤ በር ሲያልፍ ትከሻው ይጋጫል። በመጨረሻ አንድ የሬቲና ሐኪም ዓይኑን በጠብታ አስፍቶ ወደ ውስጥ ያያል። «በዘር የሚመጣ ነው፤ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት እየሞቱ ነው» ይላል።

እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ወላጅ ወዲያው የሚለው ይታወቃል። «የኔን ዓይን አውጥታችሁ ለልጄ ትከሉለት።» ከፍቅር የመጣ ጥያቄ ነው፤ በወጉ መመለስ አለበት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገራችን ከ2003 ጀምሮ የዓይን ባንክ አላት። ባንኩ ከሟቾች የሚቀበለው ግን ኮርኒያን ነው። ኮርኒያ ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። በአደጋ ወይም በኢንፌክሽን ጠባሳ ከያዘው ተቆርጦ ይወጣና በተለገሰ ይተካል። ምስል ወደ አንጎል የመላክ ሥራ የለበትም፤ ብርሃን ካሳለፈ ሥራውን ጨረሰ። ስለዚህ ይተካል፣ ሰውም ያያል። በሬቲና የተጎዳ ሰው ግን ኮርኒያው ደህና ነው። አዲስ ኮርኒያ ቢደረግለት ምንም አይጨምርለትም።

ሙሉ ዓይን ቢተከልስ? እሱም ተሞክሯል። በግንቦት 2023 ኒው ዮርክ በሚገኘው ኤንዋይዩ ላንጎን ሆስፒታል ለአንድ ሰው ሙሉ ዓይን ከከፊል ፊት ጋር ተተከለለት። ዓይኑ ሕያው ሆኖ ቆየ፤ ደም ይዘዋወርበታል። አያይም ግን። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ አንድ ሚሊዮን ያህል ቀጫጭን ክሮች አሉት። እነዚህ አንዴ ከተቆረጡ በኋላ መልሶ ማገናኘት እስካሁን አልተቻለም።

ተመራማሪዎቹ ሌላ መንገድ የያዙት ለዚህ ነው። ዓይኑም ይቆይ፣ ነርቩም ይቆይ፤ የሞቱትን ሕዋሳት ብቻ እንተካ አሉ። የሬቲና ሕዋስ ንቅለ ተከላ የሚባለው ይኸው ነው። ስለ እሱ በዋናነት ልላችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሕዋሱን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ዛሬ ይቻላል። ዓይን ውስጥ ማስገባትም ይቻላል። ገና ያልተፈታው፣ የገባው ሕዋስ ከነባሮቹ ጋር ተገናኝቶ እንዲያሳይ ማድረጉ ነው። ይህን የተረዳ ቤተሰብ ገንዘቡንም ተስፋውንም የት እንደሚያውል ያውቃል።

የሚሞተው የትኛው ሕዋስ ነው?

ሬቲና ከዓይን በስተኋላ በውስጥ በኩል የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ስስ ነገር ውስጥ ግን ብዙ ሠራተኛ አለ።

ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ናቸው። ሮድ የሚባሉት ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ በድንግዝግዝ የምናየው በእነሱ ነው። ኮን የሚባሉት ወደ 6 ሚሊዮን ናቸው፤ ቀለም፣ ፊደልና የሰው ፊት የምንለየው በእነሱ ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ ያገኙትን ምልክት ለመካከለኛ ሕዋሳት ያቀብላሉ። እነዚያ ደግሞ ጭራቸው ተያይዞ የዓይንን ነርቭ ለሚሠራው የመጨረሻ ረድፍ ያስተላልፋሉ።

ከብርሃን ተቀባዮቹ ሥር አንድ ረድፍ ብቻ የሆነ ጥቁር ሽፋን አለ። ሐኪሞች አርፒኢ ይሉታል፤ እዚህ ጥቁሩ ሽፋን እያልኩ ልቀጥል። ሥራው ብዙ ነው። ከደም ምግብ ያቀብላል። ብርሃን ለማየት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ እያደሰ ይመልሳል። የብርሃን ተቀባዮቹ ጫፍ በየቀኑ አንድ አስረኛ ያህሉ ይረግፋል፤ ጥቁሩ ሽፋን የረገፈውን ውጦ ያጸዳል። ይህ ጽዳት ከቆመ ቆሻሻው ይከማቻል፤ ብርሃን ተቀባዮቹም ይሞታሉ።

በዘር ከሚመጡት የሬቲና በሽታዎች ብዙ ሰው የሚይዘው ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ ነው። ከ4,000 ሰው አንዱን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በአብዛኛው ቀድመው የሚሞቱት ሮዶቹ ናቸው። ማታ ማየት መጀመሪያ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከዚያ እይታው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ አስገርሟል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የሕዋስ መመሪያ፣ የሮዶች ጂን ነው፤ ኮኖቹ አይጠቀሙበትም። ኮኖቹ ግን ሮዶቹን ተከትለው ይሞታሉ። ፓሪስ ውስጥ እነ ዦዜ አላን ሳሄል ባደረጉት ምርምር አንዱ ምክንያት ተገኘ። ሮዶቹ ኮኖችን በሕይወት የሚያቆይ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ሮዶቹ ሲያልቁ ኮኖቹ ያለ ደጋፊ ይቀራሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ስታርጋርት የሚባለው በሽታ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፤ የሚጠቃው የሬቲና መሃል ነው። ታማሚው መንገድ አይጠፋውም፤ የሰው ፊትና የመጽሐፍ ፊደል ግን ይጠፋበታል። ሰው ሲያየው ደህና ይመስላል። በዚህም «ሰላም አይልም፣ ኩሩ ነው» ይባላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

በዘር የሚመጡ የሬቲና በሽታዎችን የሚያመጡ ከ270 በላይ ጂኖች ይታወቃሉ። ብዙዎቹ እንዲታዩ ልጁ የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም መውረስ አለበት። ወላጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጤነኛ፣ አንድ የተበላሸ ይዘው ምንም ሳይሰማቸው ሊኖሩ ይችላሉ። «በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል ቤተሰብ ውሸት እየተናገረ አይደለም። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት ይህን አደጋ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። እናትን «ካንቺ ነው የመጣው» ማለት በዚህ ዓይነቱ ውርስ ደግሞ ስህተትም ግፍም ነው። ከሁለቱም ካልመጣ አይታይምና።

ስለ ዳፍንት አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ ዳፍንት አለ፤ እሱ ይድናል። ስለዚህ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ግምት የሞኝ ግምት አይደለም። ቫይታሚኑ ከተሰጠ በኋላ ካልተሻለ ግን ወደ ሬቲና ሐኪም መሄድ ነው። ደጋግሞ ቫይታሚን መግዛት አይጠቅምም። ስታርጋርት ያለበት ሰውማ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኤ እንዳይወስድ ይመከራል። በዚህ በሽታ የሚከማቸው ቆሻሻ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ነውና።

የጂን ሕክምናው ሌላ ነው

ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ስለሆነ ባጭሩ ልለያቸው። የጂን ሕክምና ሕዋሱ ሳይሞት ጤነኛውን ጂን በቫይረስ አስጭኖ ማስገባት ነው። በታኅሣሥ 2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሉክስተርና የተባለውን ፈቀደ። አርፒኢ65 የተባለው ጂን ከሁለቱም ወላጅ ተበላሽቶ ለመጣባቸው ብቻ ነው። ከጀርባው ፊላደልፊያ ውስጥ ጂን ቤኔት የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ሥራ አለ። ለሁለቱ ዓይን የወጣለት ዋጋ 850,000 ዶላር ነበር።

ይህ መድኃኒት ሁለት ወሰን አለው። ሕዋሱ ከሞተ ጂን የሚገባበት ቦታ የለም። ደግሞ ለአንዱ ጂን የተሠራው ለሌላው አይሆንም፤ ጂኖቹ ደግሞ ከ270 በላይ ናቸው። የሕዋስ ንቅለ ተከላ ተስፋው እዚህ ላይ ነው። የትኛውም ጂን ይበላሽ፣ የሞተው ብርሃን ተቀባዩ ከሆነ ጤነኛ ብርሃን ተቀባይ መትከል ለሁሉም ሊሆን ይችላል። መካከለኞቹ ሕዋሳትና ነርቩ ብርሃን ተቀባዮቹ ከሞቱም በኋላ ብዙ ጊዜ በሕይወት ይቆያሉ። አዲስ መጪውን የሚቀበል አለ ማለት ነው።

ሕዋሱ ከየት ይመጣል?

የሬቲና ሕዋስ አንዴ ከሞተ በሰው ዓይን ውስጥ ራሱን አይተካም። ስለዚህ ከውጭ መሠራት አለበት። መነሻው ስቴም ሴል ነው፤ ማለትም ገና ምን እንደሚሆን ያልለየ፣ ወደ ማንኛውም የሰውነት ሕዋስ ሊያድግ የሚችል ሕዋስ። መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ከጥቂት ቀን ፅንስ ነበር፤ ይህም የሥነ ምግባር ክርክር አስነሳ። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሕዋስ ሌላ በር ከፈተ። ተራ የቆዳ ሕዋስ ውስጥ አራት ጂኖችን አስገብቶ ወደ ስቴም ሴልነት መለሰው። በ2012 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ሌላው ጃፓናዊ ዮሺኪ ሳሳይ ደግሞ በ2011 አንድ አስደናቂ ነገር አሳየ። የአይጥ ስቴም ሴሎች በላብራቶሪ ሳህን ውስጥ ተሰባስበው፣ ማንም ቅርጽ ሳያወጣላቸው፣ ራሳቸው ታጥፈው ትንሽ የዓይን ጽዋ ሠሩ። ዛሬ ብዙ ላብራቶሪዎች ከሰው ሕዋስ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ሬቲናዎችን ያሳድጋሉ። ወራት ይፈጃል። የሰው ሬቲና በእናት ማኅፀን የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ሳህን ውስጥም ይፈጃል፤ ማጣደፍ አይቻልም።

ጥቁሩን ሽፋን መተካት

ምርምሩ የጀመረው ከቀላሉ ነው። ቀላል ስል ከሌላው አንጻር ነው። ጥቁሩ ሽፋን የነርቭ መስመር መዘርጋት አይጠበቅበትም። በቦታው ተነጥፎ ብርሃን ተቀባዮቹን ከተንከባከበ ይበቃል።

ቀዶ ሕክምናው እንዲህ ነው። ሐኪሙ በዓይኑ ነጭ ክፍል ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳ ይከፍታል። በአንዱ መብራት ይገባል፣ በአንዱ መሣሪያ፣ በሌላው ዓይኑ ቅርጹን እንዳይለቅ ፈሳሽ። በዓይን ውስጥ ያለው እንደ አጥሚት የወፈረው ፈሳሽ ተመጥጦ ይወጣል። ከዚያ በጣም የቀጠነ መርፌ ሬቲናውን አልፎ ይገባና ፈሳሽ ይለቃል። ሬቲናው ከጥቁሩ ሽፋን ላይ ተነስቶ እብጠት ይሠራል። ሕዋሳቱ የሚገቡት በዚያ ክፍተት ነው። በፈሳሽ ውስጥ ተበትነው ወይም ስስ ገበታ ላይ ተነጥፈው ይገባሉ። ፈሳሹ በቀናት ውስጥ ይመጠጣል፤ ሬቲናውም መልሶ ይተኛል። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የቀረውም እይታ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ሙከራዎች ሁሉ በአንድ ዓይን፣ ያውም በባሰበት ዓይን ላይ ብቻ የሚደረጉት።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስቲቨን ሽዋርትዝና ባልደረቦቹ ከስቴም ሴል የተሠራ የጥቁር ሽፋን ሕዋስ የተተከለላቸውን የሁለት ሰዎች ውጤት በ2012 ይፋ አደረጉ። አንዷ ስታርጋርት ነበረባት፤ ሌላዋ በዕድሜ የሚመጣ የሬቲና መሃል መድከም። በ2014 ቁጥሩ 18 ደረሰ፤ ዘጠኙ የስታርጋርት ታማሚዎች ነበሩ። ዋናው ዜና ሕዋሳቱ ዕጢ አለማብቀላቸው ነው፤ ትልቁ ፍርሃት እሱ ነበርና። ከተተከለላቸው ዓይኖች ከግማሽ በላዩ በፊደል ሰሌዳው ላይ መሻሻል አሳዩ።

ጋዜጦች ጮቤ ረገጡ። ነገር ግን እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ ዓይነት ሕዋስ 12 የስታርጋርት ታማሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ በ2018 ሲወጣ ነገሩ ቀዝቀዝ አለ። ጥቂቶቹ ትንሽ መሻሻል አሳይተው ነበር። መሻሻሉ ግን ወይ አልቆየም፣ ወይ ምንም ያልተደረገለት ሌላኛው ዓይንም እኩል ተሻሽሏል። ሰው ተስፋ ሲያደርግ ፊደል ሰሌዳው ላይ ይበልጥ ይታገላል፤ ይለማመዳልም። «ከተተከለልኝ በኋላ አየሁ» የሚል የአንድ ሰው ምስክርነት፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ውስጥ ተመራማሪዋ ማሳዮ ታካሃሺ በመስከረም 2014 ከታማሚዋ ከራሷ ቆዳ የተሠራ የጥቁር ሽፋን ቁራጭ በ70ዎቹ ዕድሜ ለምትገኝ ሴት አስተከለች። ስፋቱ 1.3 በ3 ሚሊ ሜትር ነበር። ከራሷ ስለሆነ ሰውነቷ እንዳይጥለው የሚሰጥ መድኃኒት አላስፈለጋትም። እይታዋ ባይሻሻልም መውረዱን አቆመ። ለሁለተኛው ታማሚ የተዘጋጀው ሕዋስ ግን የጂን ለውጥ ስለተገኘበት ሳይተከል ቀረ። ይህን ውሳኔ በጣም አከብራለሁ። ታማሚ እየጠበቀ፣ ዓለም እያየ «አይሆንም» ማለት ቀላል አይደለም።

ለንደን ውስጥ በሞርፊልድስ ሆስፒታል በ2018 ይፋ የሆነው ደግሞ ልብ ይሞላል። ሁለት ሰዎች 6 በ3 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ተተክሎላቸው ሁለቱም ከ20 ፊደል በላይ ጨመሩ፤ ማንበብም ቻሉ። ኢየሩሳሌም በሚገኘው ሐዳሳ ሆስፒታል የተጀመረው ኦፕሪጀን የተባለ ሕክምናም በ2021 መጨረሻ በትልቁ የመድኃኒት ኩባንያ በሮሽ እጅ ገብቶ ሙከራው ቀጥሏል። እነዚህ ሦስቱ የተሞከሩት ግን በዕድሜ ለሚመጣው በሽታ ነው። በዘር ለሚመጣው በተለይ የታሰበ ሙከራ ያለው ፓሪስ፣ ካንዝ ቫን ሆስፒታል ነው። የጥቁሩን ሽፋን ሥራ የሚያበላሹ ሦስት ጂኖች አሉ፤ አርፒኢ65፣ ኤልራት እና መርቲኬ። በእነዚህ ምክንያት ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ ለያዛቸው ሰዎች ቁራጭ ይተከላል። ሆስፒታሉን ንጉሥ ሉዊ ዘጠነኛ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለ300 ዓይነ ስውራን መኖሪያ ብሎ ነው የመሠረተው።

ብርሃን ተቀባዮቹን መተካት

ዋናው ጭንቀት እዚህ ጋ ነው። ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ ካለባቸው አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው ጥቁሩ ሽፋን ሳይሆን ብርሃን ተቀባዩ ነው። ብርሃን ተቀባይ ደግሞ በቦታው መቀመጡ አይበቃውም። ክሩን ዘርግቶ ከመካከለኛው ሕዋስ ጋር መገናኘት አለበት። በየክረምቱ ችግኝ የምንተክል ሰዎች ስለሆንን ይህ አይጠፋንም። የተተከለው ቁጥር ሌላ፣ የጸደቀው ቁጥር ሌላ ነው።

በ2006 ለንደን ውስጥ እነ ሮቢን አሊ ከአይጥ ግልገል የወሰዱትን ለጋ ብርሃን ተቀባይ ለሌላ አይጥ ተከሉ። በ2012 ደግሞ በድንግዝግዝ የማያዩ አይጦች ከተከላው በኋላ ማየት መቻላቸውን አሳዩ። የተተከሉት ሕዋሳት አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ነበራቸው። ሬቲናው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ሕዋሳት ከነባሮቹ መካከል በሥርዓት ቆመው ተገኙ። ተገናኝተዋል ተባለ። ዓለም ተደሰተ፤ ብዙ ላብራቶሪዎችም በዚያው መንገድ ሄዱ።

ከዚያ አንዳንዶች ጠረጠሩ። አረንጓዴው ሕዋስ በእርግጥ የተተከለው ነው? ማረጋገጫው ብልህነት ይጠይቅ ነበር። ከወንድ አይጥ ወስዶ ለሴት መትከል፤ ከዚያ በአረንጓዴው ሕዋስ ውስጥ የወንዱን ዋይ ክሮሞሶም መፈለግ። በ2016 ውጤቱ ከተለያዩ ቡድኖች ወጣ። አብዛኛው አረንጓዴ ሕዋስ ክሮሞሶሙ የነባሯ አይጥ ነበር። የተተከሉት ሕዋሳት ወደ ቦታው አልገቡም፤ ዳር ቆመው ፕሮቲናቸውን ለነባሮቹ አቀብለዋል። አይጦቹ ማየታቸው እውነት ነው። ያዩት ግን ጤነኛውን ፕሮቲን በተቀበሉት በራሳቸው ሕዋሳት ነው።

የሚያስደንቀው፣ ይህን ካሳተሙት አንዱ ያው የለንደኑ ቡድን ነው። የራሳቸውን የዓመታት ሥራ መልሰው መረመሩ፤ የተሳሳተውን በአደባባይ አስተካከሉ። በእኔ እምነት ይህ ዘርፍ ካገኛቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው። ለታማሚው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ፕሮቲን ማቀበል የሚጠቅመው ተቀባይ ሕዋስ ካለ ነው። ሬቲናው ባዶ ለሆነበት ሰው መገናኘት ግድ ነው።

እጅ አልሰጡም። በ2021 እነ አሊ ከሰው ስቴም ሴል የተሠሩ ኮኖችን፣ ብርሃን ተቀባዮቻቸው ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ያለቁባቸው አይጦች ውስጥ ተክለው ለብርሃን ምላሽ ሲሰጡ አሳዩ። እዚያ ፕሮቲን ተቀባይ ስለሌለ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዴቪድ ጋም ላብራቶሪ፣ ሌላ ማስረጃ መጣ። ጥቃቅኑን ሬቲናዎች አፍርሰው ሕዋሳቱን ለያዩ፤ በዚህም ግንኙነታቸው ተበጠሰ። ተመልሰው ይገናኙ እንደሆነ ለማወቅ የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ተጠቀሙ። ይህ ቫይረስ ከነርቭ ሕዋስ ወደ ነርቭ ሕዋስ የሚሻገረው በመገናኛቸው ነጥብ ብቻ ነው። በመካከላቸው ግንኙነት ከሌለ አይሻገርም። ቫይረሱ ተሻገረ፤ ከተሻገረባቸው ሕዋሳት አብዛኞቹ ብርሃን ተቀባዮች ነበሩ። ማለትም ከተለያዩ በኋላ አዲስ ግንኙነት መሥራት ይችላሉ። ሰው ዓይን ውስጥ ሳይሆን ሳህን ውስጥ ነው፤ ግን ጥያቄውን ፊት ለፊት የጠየቀ ሙከራ ነው።

ሰው ላይስ? ኮቤ ውስጥ በ2020 ለሁለት የሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ ታማሚዎች ከስቴም ሴል የተሠራ የሬቲና ቁራጭ ተተከለ። በ2023 መጨረሻ በወጣው ዘገባ ቁራጮቹ ለሁለት ዓመት ሳይበላሹ ቆይተዋል፤ ከባድ ጉዳትም አላመጡም። እይታ መለሱ ለማለት ግን አያስደፍርም። የእነ ጋም ሥራ ደግሞ ኦፒሲቲ-001 የተባለ ሕክምና ሆኖ ብሉሮክ በተባለ ኩባንያ በኩል በ2025 የመጀመሪያ ታማሚው ላይ ደርሷል። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው፤ በዋናነት የሚጠይቀው «ይጎዳል ወይ?» ብሎ ነው። «ያሳያል ወይ?» የሚለው በደንብ የሚመለሰው በኋላ ነው።

ሌላም አካሄድ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጄሳይት የተባለ ኩባንያ ለጋ የሬቲና ሕዋሳትን በዓይኑ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ይወጋል። ዓላማው ማገናኘት አይደለም። ሕዋሳቱ የሚያመነጩት ነገር እየሞቱ ያሉትን ኮኖች እንዲያቆይ ነው። ሮዶች ለኮኖች ስንቅ ያቀብላሉ ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። ይህ ዓይነቱ ሊጠቅም የሚችለው ገና ለማትረፍ የሚሆን ሕዋስ ያለውን ሰው ነው።

ገንዘብ ተቀብለው «እንተክላለን» የሚሉት

እስካሁን በየትኛውም አገር ፈቃድ አግኝቶ ለገበያ የቀረበ በዘር ለሚመጣ የሬቲና በሽታ የሚሆን የሕዋስ ንቅለ ተከላ የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለምታውቁት ሁሉ ንገሩልኝ። ምክንያቱም የሚሸጡት አሉ። ቪዲዮ አላቸው፣ «ድኛለሁ» የሚል ሰው ያቀርባሉ፣ ከኤርፖርት እንቀበላችኋለን ይላሉ። እናት ቤት ልትሸጥ ታስባለች። ወንድም ከአረብ አገር የለፋበትን ይልካል። አሜሪካ ያለው ዘመድ ጎፈንድሚ ይከፍታል።

ፍሎሪዳ ውስጥ የሆነውን ስሙ። በ2017 ታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የሦስት ሴቶችን ታሪክ አወጣ። ዕድሜያቸው ከ72 እስከ 88 ነበር። አንድ ክሊኒክ ከራሳቸው የሆድ ስብ ሕዋስ ቀድቶ፣ ስቴም ሴል ነው ብሎ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን በአንድ ቀን ወጋ። ለዚህም 5,000 ዶላር ተከፈለ። ከዚያ በፊት ቢያንስ በከፊል ያዩ ነበር። ሬቲናቸው ተላቀቀ፣ ደም ፈሰሰ፤ እይታቸው ጠፋ። ክሊኒኩ ይህን ሥራ በአሜሪካ መንግሥት የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አስመዝግቦት ነበር። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ እሱን አይተው እውነተኛ ምርምር መስሏቸዋል። እዚያ መዝገብ ላይ መገኘት ብቻውን መንግሥት መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ምልክት ይወጣል። በእውነተኛ ሙከራ ተሳታፊ ለሕክምናው አይከፍልም። ሁለት ዓይን በአንድ ቀን አይነካም። የሆድ ስብ ሕዋስ ደግሞ ብርሃን ተቀባይ አይሆንም። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተጓደለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ዛሬ የሚደረግ ነገር አለ

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነበረባቸው፤ ከመቶ 11.5 የሚሆኑት ደግሞ በትራኮማ ምክንያት ነው ያጡት። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ስለዚህ «በዘር ነው፣ ምንም አይደረግለትም» የተባለ ሰው ሁሉ በእርግጥ የሬቲና በሽታ እንዳለበት መጀመሪያ ይረጋገጥ።

ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ ያለበት ሰውም ቢሆን በበሽታው ምክንያት ሞራ ሊያወጣ ይችላል። ሬቲናው መሃል ላይ ውሃ ሊቋጥርም ይችላል። ሁለቱም የሚታከሙ ናቸው። ሞራው ወጥቶለት፣ ወይም እብጠቱ በጠብታ ወይም በኪኒን ጎድሎለት የቀረችውን እይታ በደንብ የሚጠቀም ሰው አለ። «ሬቲናዬ ተበላሽቷል» ብሎ ምርመራ ያቆመ ሰው ይህን ያጣል።

ልጁ ትምህርት እንዳያቋርጥ ደግሞ አደራ። የፊደል መጠን ማጉላት፣ ስልኩ ጽሑፍ እንዲያነብለት ማድረግ፣ ብሬል፣ ነጭ በትር፤ እነዚህን ገና እያየ ቢለምዳቸው ይሻላል። ንቅለ ተከላው ሲመጣ እናስተምረዋለን ተብሎ የባከነ ዓመት አይመለስም።

የጂን ምርመራ ማድረግ ለሚችል፣ በተለይ ውጭ ለምትኖሩ፣ ቅድሚያ ስጡት። የሉክስተርናም ሆነ የፓሪሱ ሙከራ በር የሚከፈተው በጂኑ ስም ነው። የትኛው ሕዋስ እንደታመመ የሚነግረንም እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማይ ሬቲና ትራከር የሚባል የታማሚዎች መዝገብ አለ፤ ሙከራ የሚያካሂዱ ተመራማሪዎች ታማሚ ሲፈልጉ ከሚያዩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ወንድምና እህትም ቢመረመሩ ጥሩ ነው፤ ምልክት ሳያሳይ በሽታው የጀመረው ሊኖር ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ የጂኑን ስም በቃል ሰምታችሁ አትሂዱ። ሙሉ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ፎቶ አንሱት፣ ኮፒውንም ከሬቲናው ምስል ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ሐኪም ቢቀየር፣ አገር ቢቀየር፣ አዲስ ሙከራ ቢከፈት፣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።